በረንዳው የመርፌ ነው

የእድራችን ጥሩምባ ነፊ ሰው ሲሞት አይቸኩልም። ጥሩምባውን ነፍቶ ዝም ይልና ሰፈሩ ጆሮውን እስኪሰጠው ጠብቆ ነው ስም የሚጠራው። ባለፈው ሳምንት አንድ ማለዳም እንዲሁ አደረገ። «ልብስ ሰፊው አያ ጥጋቡ አርፈዋልና ቀብር በስድስት ሰዓት ቁሐር ሚካኤል» ሲል እኔ የሰው ቀሚስ እየዘመዘምሁ ነበር። እጄን አላቆምሁም። ጠርዙን እስከ መጨረሻው ዘምዝሜ፣ ክሩን በጥርሴ በጥሼ፣ ቀሚሱን አጣጥፌ ካስቀመጥሁ በኋላ ነው ያለቀስሁት። ለእሳቸው ይሁን ለራሴ እስካሁን አልለየሁትም።

አንድ ነገር አስቀድሜ ልናገር። ከተቀየምኋቸው ወዲህ ልቤ «አንተ» ይላቸዋል፤ ምላሴ ግን አሻፈረኝ አለ። ያን ያህል ዓመት አንቱ ስላቸው ኖሬ በሞቱ ማግስት አንተ ብል አሳዳጊ የበደላት መባል ይመጣል። ስለዚህ በአንቱታው እቀጥላለሁ። ቂሜ የለቀቀኝ ከመሰላችሁ ግን ተሳስታችኋል።

ወረታ የመጣሁት ከደብረ ታቦር ነው። ባለቤቴ አስተማሪ ነበር፤ ሲዛወር የስፌት መኪናዬን ከአልጋችን ጋር በአይሱዙ አስጭኜ ተከተልሁት። በከተማው የማውቀው ሰው አልነበረኝም። ገበያውን ስዞር ነው ፎቁን ያየሁት። ወረታ ውስጥ «ፎቁ» ብቻ ከተባለ የግራዝማች አየነው ፎቅ ማለት ነበር፤ ባለመስታወቶቹ ሕንፃዎች ከቆሙ በኋላም ስሙን አልነጠቁትም። ግድግዳው ድንጋይ ነው። ላይኛውን ደርብ የእንጨት ሰገነት ይዞረዋል፤ ከታች ደግሞ ወደ ገበያው የሚያይ ሰፊ በረንዳ አለው። በረንዳው ላይ ከምሰሶ እስከ ምሰሶ የስፌት መኪኖች ተደርድረው፣ ልብስ ሰፊዎቹ አቀርቅረው ይሠራሉ።

ከመካከላቸው አንድ ረጅም፣ ቀጭን ሽማግሌ ቀና አሉና በእጃቸው ጠሩኝ። ሜትሩን አንገታቸው ላይ ጥለው፣ ጠመኔውን ጆሯቸው ላይ ሰክተው ነበር፤ በኋላ እንዳየሁት ቤተ ክርስቲያንም የሚስሙት እንደዚያው ሆነው ነው። ስጠጋ ገና ሰላም ሳይሉኝ የነጠላዬን ጫፍ በሁለት ጣታቸው ያዝ አድርገው አሹት። «ይሄ የደብረ ታቦር ፈትል ነው» አሉ። ነጠላው የዳንግላ ነበር፤ አማቴ ናት የሰጠችኝ። ደፍሬ አላረምኋቸውም። ልማዳቸው ነበር፤ የሚያናግሩትን ሰው ልብስ ዳስሰው አገሩን ይናገራሉ። ግማሹን ይስታሉ። ሰው ግን እሳቸውን ከማሳፈር አገሩን መለወጥ ይቀለው ነበር።

የምከራየው የሥራ ቦታ ፈልጌ እንደሆነ ነገርኋቸው። «ኪራይ? ምን ሲደረግ!» አሉና ዘውዴ የሚባለውን ሱሪ ሰፊ ወደ ግራ ጠጋ እንዲል አዘዙት። «በረንዳው የመርፌ ነው።» ዘውዴ እያጉረመረመ ተጠጋ። በማግስቱ መኪናዬን አምጥቼ በመካከላቸው ተቀመጥሁ።

አያ ጥጋቡ ከሰፉት ልብስ ይልቅ ስለ ፎቁ ያወሩት ይበዛል። መኪናውን በእግራቸው እየነዱ ይጀምራሉ። ግራዝማች አየነው በንጉሡ ዘመን አቡጀዲ በበቅሎ ጭነው የሚነግዱ ሰው ነበሩ። ሲከብሩ የወረታ መሬት ዋልካ መሆኑን እያወቁ የድንጋይ ፎቅ እሠራለሁ አሉ። ዋልካ በክረምት ያብጣል፣ በበጋ ይሰነጠቃል፤ ቤት አይሸከምም። ሰው ሳቀባቸው። እሳቸው ቆፋሪው ከነአካፋው ከዓይን እስኪሰወር ድረስ አስቆፍረው መሠረቱን በድንጋይ ሞሉት። ላይኛው ደርብ የጨርቅ መጋዘን ሆነ፤ አቡጀዲው፣ ካኪው፣ ቴትሮኑ፣ ለሙሽራ የሚሆነው ከፋይ ሁሉ እዚያ ተቆለለ። ከአሥመራ አዲስ ጨርቅ የጫነ መኪና በገባ ቁጥር አንዱን ጣቃ ፈትተው ከሰገነቱ እስከ መሬት ይለቁታል። ሜዳው ላይ የሚያርሰው የፎገራ ገበሬ ከሩቅ አይቶ «ዛሬ ፎቁ ለብሷል» ይልና በሬውን ፈትቶ ገበያ ይወጣል።

የሪብ ወንዝ ሞልቶ ሜዳው ባሕር በሆነ ዓመት ደግሞ የቁሐር ሰው የዘር እህሉን በታንኳ አውጥቶ መጣ። ግራዝማች መጋዘኑን ከፈቱለት፤ ከፋዩ ላይ የጤፍ ጆንያ ተጫነበት። በደርግ ጊዜ ፎቁ ተወረሰ። ላይኛው የቀበሌ አዳራሽ፣ ታችኛው የኅብረት ሱቅ ሆነ። ወራሾቹ ከብዙ ክርክር በኋላ ሲያስመልሱት ታችኛዎቹን ክፍሎች ለሰልባጅና ለቻይና ልብስ ነጋዴዎች አከራዩ። «መንግሥት ሲለወጥ የሚለወጠው ላይኛው ነው» ይሉ ነበር አያ ጥጋቡ። «በረንዳውን ግን ማንም አልነካውም።»

ያልተነካበትን ምክንያት ሲያወሩ ቁጭ ብለው አያውቁም። ተነሥተው ጭናቸው ላይ ያለውን ብጥስጣሽ ክር ያራግፋሉ፣ ክንዳቸውን ያጣጥፋሉ፣ ድምፃቸውን ያወፍራሉ። በፎቁ ምረቃ ቀን ግራዝማች ከደረጃው ወርደው፣ ሕዝቡ በተሰበሰበበት፣ «ላይኛው የጨርቅ ነው፣ ታችኛው የሻጭ ነው፣ በረንዳው ግን የመርፌ ነው፤ ከልጅ ልጄም ቢሆን ልብስ ሰፊ የሚያስነሣ ርጉም ይሁን» ብለው መረቁት። መንገደኛው ሁሉ ቆሞ ይሰማቸዋል። ውሎ አድሮ እኔም ለደንበኞቼ እንደዚሁ ማውራት ጀመርሁ፤ ክንዴን ማጣጠፍ ሁሉ ሳይቀረኝ። ቦታ ያለው ሰው ሆኜ ነበርና ደስ ይለኝ ነበር።

ባለቤቴ በድንገት ሲሞትብኝ አርባው እስኪወጣ ከቤት አልወጣሁም። የጥምቀት ልብስ ያዘዘኝ ሰው ብዙ ነበር። ስመለስ አንድም የቀረ የለም። አያ ጥጋቡ የራሳቸውን ሥራ ወደ ጎን ትተው ሁሉንም ሰፍተው፣ «ብርቱካን ናት ቤቷ ሆና የሰፋችው» እያሉ ለየባለቤቱ አስረክበዋል። እንዲያውም አንዲት ሴትዮ እጄ ከሐዘኑ ወዲህ እንደተሻሻለ ነግራኝ መርቃኝ ሄደች። አያ ጥጋቡ አጠገቤ ሆነው ሰምተው ከሥራቸው ቀና እንኳ አላሉም። ያን ቀን ሲዋሹ ፊታቸው ላይ ምንም እንደማይታይ አወቅሁ። ውሸቱ ለእኔ ስለነበር ወደድሁላቸው። የሚዋሹት ለእኛ ብቻ ይመስለኝ ነበር።

ከዚያ በኋላ ከተማው መናኸሪያው አጠገብ ለልብስ ሰፊዎች የቆርቆሮ ሼድ ሠራ። በማኅበር ተደራጅታችሁ ግቡ ተባልን። ዘውዴ ልግባ አለ፤ እኔም ልቤ ተከፍሎ ነበር። አያ ጥጋቡ ተቆጡ። «ርስቱን ጥሎ ቆርቆሮ ሥር የሚገባ ማነው?» አሉና ሰሞኑን ሁሉ አኮረፉን። ኩርፊያው ሲያልፍ ያንኑ ታሪክ ከወትሮው አሙቀው ነገሩን። ቀረን። ሼዱን ሌሎች ገቡበት፤ ዛሬ በወረታ ልብስ ማሰፋት የሚፈልግ ሰው የሚሄደው እዚያ ነው።

ወይዘሮ ሰላማዊት ከአዲስ አበባ የመጣችው ይህ ካለፈ በኋላ ነው። የግራዝማች የልጅ ልጅ ናት። ትሑት ሴት ናት፣ ይህን አልክድም፤ አያ ጥጋቡን ጉልበታቸውን ስማ ነው ሰላም ያለችው። ፎቁ አርጅቷል፣ ፈርሶ አዲስ ሕንፃ ሊሠራ ነው አለችን። የክፍሎቹ ተከራዮች ውል ስላላቸው በአዲሱ ሕንፃ ክፍል ይጠብቃቸዋል። እኛ በረንዳው ላይ ያለነው ግን ውል የለንም። ዘውዴ ቀደም ብሎ፣ እኛ በአያትሽ ርስት ላይ ነው ያለነው፣ ሲመርቁት ለመርፌ ሰጥተውታል አላት። አልሳቀችም፣ አልተቆጣችም። አላውቅም፣ ሽማግሌ ይይልን አለች።

የእኛ ጥያቄ አንድ ነበር። አዲሱ ሕንፃ ሲሠራ ወደ ገበያው የሚያይ በረንዳ ይተውልን። ሌላ አልጠየቅንም። የሽማግሌዎቹ ሰብሳቢ የአያ ጥጋቡ የነፍስ አባት ቄስ ፈንቴ ነበሩ። የሁለታችንንም ወገን ሰምተው እንደ አገሩ ወግ ፈረዱ። በእጃችሁ ማስረጃ የላችሁም፤ ሁለታችሁ በአንድ ሰው ቃል ከተስማማችሁ ያ ሰው ምሎ ይናገር፣ የተናገረው ይጽና፣ ይግባኝ አይኑረው። ከዚያ ዘመን በሕይወት የቀሩት አያ ጥጋቡ ብቻ ናቸው፤ በእሳቸው ቃል ትስማማላችሁ ወይ ተባልን።

ሳቄ ሊያመልጠኝ ነበር። የገዛ አባታችን! ዘውዴ ጎኔን ጎሸመኝ። ወይዘሮ ሰላማዊት ወዲያው ተስማማች። አዲስ አበባ አሞኝቷታል ብለን ወደ ቤታችን ስንሄድ እስክንጠግብ ሳቅንባት። ከብዙ ጊዜ በኋላ ለምን እንደተስማማች ራሷ ነግራኛለች። እናቷ፣ ያ ሰው ወሬ ከያዘ ልክ የለውም፣ ምሎ ግን አይዋሽም ትላት ነበር።

መሐላው የኅዳር ሚካኤል ሰሞን፣ አያ ጥጋቡ በተወለዱበት በቁሐር ሚካኤል ሆነ። ውኃው ከሜዳው ሸሽቶ ጭቃው ደርቋል፤ ሰው ሩዙን እያጨደ ነበር። መኪኖቻችንን ሸፍነን፣ የክት ልብሳችንን ለብሰን በባጃጅ ሄድን። አያ ጥጋቡ መንገዱን ሙሉ አልተናገሩም። አቧራው አስቸግሯቸው መስሎኝ ነጠላዬን አፋቸው ላይ እንዲያደርጉት ሰጠኋቸው። የቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ ስንደርስ ሜትሩን ከአንገታቸው አውጥተው እጄ ላይ አስቀመጡት። አንገታቸውን ባዶውን ሳየው የመጀመሪያዬ ነበር።

ቄስ ፈንቴ በሩ አጠገብ አቆሟቸው። «አያ ጥጋቡ፣ ሚካኤል እየሰማዎት ነው። ግራዝማች አየነው በረንዳውን ለልብስ ሰፊ ሰጥተዋል ወይስ አልሰጡም?»

እጃቸውን በሩ ላይ አደረጉ።

«አልሰጡም» አሉ።

እኔ የሰማሁትን አላመንሁም። እሳቸው ግን ቀጠሉ። «ጎረምሳ ሆኜ መኪናዬን በአህያ ጭኜ ወረታ ስገባ ዝናብ ያዘኝ። በረንዳው ሥር ተጠለልሁ። ግራዝማች ወጡና አዩኝ። ‹መኪናህ እንዳይዝግብህ፣ ዝናቡ እስኪያባራ እዚሁ ተቀመጥ› አሉኝ። ያሉኝ ይሄንኑ ነው። ከዚያ ወዲህ ተነሣ ያለኝ የለም፣ ሌሎቹም እኔን እያዩ ተቀመጡ።»

ዘውዴ ከተቀመጠበት ተነሣ። «በምረቃው ቀን በሕዝብ ፊት የተናገሩትስ?»

«ፎቁ ሲመረቅ እኔ ወረታን አላውቃትም።»

ቄስ ፈንቴ ነገሩ እዚህ ላይ አልቋል ብለው መስቀላቸውን አሳለሙን። ዘውዴ ሳይሳለም ወጥቶ ሄደ፤ ከዚያ ቀን ጀምሮ አያ ጥጋቡን አላናገራቸውም። እኔ እዚያው ቆሜ ድሮ ማሰብ የነበረብኝን አሰብሁ። አያ ጥጋቡ በቁልፍ ዋጋ ሲከራከሩ «ሚካኤልን!» ይሉ ነበር። ሱሪው ነገ ይደርሳል ሲሉም «ሚካኤልን!» ይሉ ነበር። የበረንዳውን ታሪክ ሲያወሩ ግን አንድም ቀን አልማሉም።

ወይዘሮ ሰላማዊት ወደ እሳቸው ተጠጋች። በአዲሱ ሕንፃ ለእሳቸው ብቻ አንድ ቦታ እንደምትተውላቸው ነገረቻቸው። እሳቸው አልፈልግም ልጄ አሏት። ይሄ ደግሞ ይበልጥ አቃጠለኝ። ሸጠውን ቢሆን ኖሮ ይቀለኝ ነበር። ሰው ሲሸጥ አይተናል፣ ስም አለው፣ እርግማንም አለው። እሳቸው ግን ምንም ሳይቀበሉ ነው ያፈረሱን።

ወደ መንገዱ ስንወጣ ከኋላቸው ተከተልሁ። ሜትራቸው እጄ ላይ ነበር።

«ታዲያ ሼዱን ለምን አስቀሩን?» አልኋቸው።

«ብቻዬን እንዳልቀር ፈርቼ ነው ብርቄ። አንድ መኪና ብቻ ካለበት በረንዳ ገበሬ አይቆምም።»

«እሺ፣ ያን ሁሉ ዓመት ሲዋሹን ኖረው ዛሬ አንድ ቀን መዋሸት አቃተዎት?»

«እርጅናዬን አታዪውም? ነገ ሚካኤል ፊት ምን ይዤ ልቁም?»

«እኛስ ነገ ገበያ ምን ይዘን እንቁም?»

ሜትሩን እጃቸው ላይ አስቀምጬላቸው በሌላ ባጃጅ ገባሁ።

ፎቁ ሲፈርስ አላየሁም ማለት አልችልም፤ ቆሜ አይቻለሁ። ሰገነቱ በቀላሉ ወረደ። መሠረቱ ግን ቆፋሪዎቹን አስቸገራቸው፤ በዚህ በኩል እንኳ አያ ጥጋቡ እንዳልዋሹ ገባኝ። ዛሬ ቦታው በቆርቆሮ ታጥሯል። ዘውዴ ባሕር ዳር ሰው ቤት ተቀጥሮ ይሰፋል። እኔ ከገበያው ጀርባ፣ ባጃጅ እንኳ የማይገባበት ጠባብ መንገድ ውስጥ አንዲት ክፍል ተከራይቻለሁ። የቁሐር ደንበኞቼ መጥተው «ያቺ የበረንዳዋ ሴት የት ሄደች?» እያሉ ጠይቀው የሚያሳያቸው አጥተው እንደተመለሱ በየጊዜው እሰማለሁ። የተከራየሁበት ቤት ባለቤት ቀና ሰው ነው፤ ሆኖም ውጪ ብሎ ሊያስወጣኝ እንደሚችል ሁለታችንም እናውቃለን።

ሰው ሁሉ አያ ጥጋቡን አመሰገነ። ለወገናቸው ሳያደሉ እውነት የተናገሩ ሽማግሌ ተባሉ፤ በየሰንበቴው ምሳሌ ሆነው ይጠቀሱ ጀመር። ጎረቤቶቼ ሲያመሰግኗቸው እኔ ዝም እላለሁ። ምን እላለሁ? ዕድሜያቸውን ሙሉ ዋሽተው በዚያ ውሸት አስቀመጡን፤ ልንነሣ ስንል ይዘው አስቀሩን፤ ሌላ መሄጃ ሲጠፋ እውነቱን ተናገሩ። ነፍሳቸውን በእኛ እንጀራ ነው ያዳኑት። እንዲህ ብዬ ብናገር ውሸት ተመኘች እባላለሁ፤ ተመኝቼም ነበር።

አልጋ ላይ መዋላቸውን ሰምቼ አልሄድሁም። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ቄስ ፈንቴ ያቺን ጠባብ መንገድ ይዘው መጡ። ወንበሬን ለቀቅሁላቸው። የሚሞት ሰው የበደለውን ሁሉ ይቅርታ ማስጠየቅ አለበትና፣ ስለ ዋሸሁብሽ ይቅር በይኝ ብለውሻል አሉኝ።

«ስለ ውሸታቸውማ ይቅር ብያለሁ አባ» አልሁ። «እኔም ወድጄው ነበር፣ ስንት ዓመት ኮራሁበት። ይቅር ያላልኋቸው እውነቱን ነው።»

ቄስ ፈንቴ መስቀላቸውን አገላበጡ። «እውነት እኮ ኃጢአት አይደለም ልጄ። ለእሱ ይቅርታ ይጠይቁልኝ አላሉኝም።»

«አይጠይቁማ» አልሁ። «ሊኮሩበት ነው የሚሄዱት።»

ውኃ ሰጠኋቸው፣ ጠጥተው ባርከውኝ ወጡ። ለአያ ጥጋቡ ምን እንደነገሯቸው አልጠየቅኋቸውም።

ቀብሩ ላይ ሰው ብዙ ነበር። ከሜዳው ገበሬው፣ ከከተማው ነጋዴው፣ ወይዘሮ ሰላማዊትም ሳትቀር መጥታለች። ዘውዴ አልመጣም። እኔ ነጠላዬን አዘቅዝቄ ከሴቶቹ ጋር ቆምሁ። አፈር ከመልበሳቸው በፊት ቄስ ፈንቴ ወደ ሕዝቡ ዞሩ። የበደላችሁ ካላችሁ ይቅር በሉት፣ እግዚአብሔር ይፍታው በሉ አሉ። ሕዝቡ በአንድ ድምፅ ይፍታው አለ። ቄሱ ግን ወዲያው ወደ መቃብሩ አልዞሩም፤ በሴቶቹ መካከል ፈልገው እኔን ያዩኝ ነበር።

ይፍታው አልሁ። ስለ ውሸቱ።